ብሬከሩ ሲወርድ

እሷ፦ እሁድ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ ብሬከሩ ቋ ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ አባወራው ሁሉ ኤሌክትሪሺያን ነው!

እሱ፦ ምን ያድርግ? ባለሙያው ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይልና በማግስቱ ነው የሚመጣው።

እሷ፦ በማግስቱም ቢሆን ይምጣ! አባወራው እኮ ባለ 16 አምፔሩን ነቅሎ ባለ 32 ይተክላል፤ ከዚያ ወዲያ አልወርድ ይላል። ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ካውያና ፍሪጅ ሲጨመር ግድግዳ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። ብሬከሩ የተቀመጠው እኮ ሽቦውን ሊጠብቅ ነው።

እሱ፦ እሺ፣ ቧንቧስ? እሱንም ልትከለክይን ነው?

እሷ፦ ኧረ ቧንቧውን ፍታው! ዋናውን መዝጊያ ዝጋ፣ ያለቀውን ጎሚኒ ቀይር፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠምጥምበት። ቢበዛ ወለሉ ይርሳል።

እሱ፦ የሻወር ማሞቂያውስ? ውሃም ነው፣ መብራትም ነው።

እሷ፦ እሱን አትንካው። የመሬት ሽቦው በትክክል መታሰሩን ባለሙያ ሳያይልህማ አትታጠብበትም!