ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጦስኝ

ሔለን፦ ብሩክ፣ መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ እንዴት እንደናረ ታስታውሳለህ?

ብሩክ፦ እንዴት ይረሳል! ሁሉም ባንድ ድስት ይፈላ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ማፍላቱ ነው። አሊሲን የሚባለው የነጭ ሽንኩርት ዋና ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ሲወቀጥ ነው፤ እንዳለ ከተቀቀለ አይፈጠርም። ወቅጦ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ለብ ያለ ሻይ ላይ መጨመር ይሻላል።

ሔለን፦ ጦስኝስ?

ብሩክ፦ እሱ ሙቅ ውኃ ይወዳል፤ ግን ይከደን፣ ዘይቱ እንዳይተን። ጦስኝና ጥቁር አዝሙድ በቤተ ሙከራ ፀረ ኦክሲደንት ባሕርይ ታይቶባቸዋል።

ሔለን፦ ቤተ ሙከራና የሰው ገላ ግን ይለያያሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ወላጆቻችን ነጭ ሽንኩርት ሲያበዙ የመድማት አደጋው ይጨምራል። ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ጤና አዳም አትጠጡ፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። የምትቀላቅሉትን ለሐኪም ንገሩ፣ እባካችሁ።

ብሩክ፦ ሐኪሞቻችንም ሳይቆጡ ይጠይቁ። ሰው የሚደብቀው ቁጣውን ፈርቶ ነው።