ውሻችንና ቀይ ቀበሮው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዙሪያችን ካሉት የዱርና የቤት እንስሳት ጋር ስላለን ግንኙነት እንድናገር ስጋበዝ፣ ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ አንድ ጥግ መርጬ ለመቆም ተገድጃለሁ። ስለ ሐረር ጅቦች ባወጋችሁ ጉባኤው ይበልጥ ይደሰት እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ለማየት ማንም እንግዳ ባሕር ተሻግሮ የማይመጣለትን፣ በየደጃችን የሚያድረውን ውሻ ነው።

ውሻ በእኛ ዘንድ ያለው ቦታ ግራ የሚያጋባ ነው። ታማኝነትን ስናመሰግን ስሙን እንጠራለን፤ ሰውን ለመስደብ ስንፈልግም የምንጠራው ያንኑ ስም ነው። ድመት ምድጃ ዳር ብትተኛ የሚከለክላት የለም፤ ውሻ ግን ደፉን ካለፈ ይባረራል። ሌሊቱን በሙሉ ከብቱን ከጅብና ከነብር ሲጠብቅ ያድራል፤ ሲነጋ ቀለቡን ከየቆሻሻው ራሱ ይፈልጋል። በሬው የታመመበት ገበሬ ግማሽ ቀን ተጉዞ ወደ ክሊኒካችን ይመጣል፤ ስለ ውሻው ብሎ የመጣ ገበሬ ግን ስንቶቻችን አይተናል? እኛም ባለሙያዎቹ ብንሆን ውሻን ከሥራችን ዳርቻ ላይ አኑረነዋል።

የዚህ ቸልታ ዋጋ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የባሌ ተራሮች ናቸው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ ምድር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ይኖራል። የአካባቢው ሕዝብ «ጀደላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ይለዋል፤ ይኸውም የምትወልድ ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው ይባላል። ዋነኛ ምግቡ ግን ፍልፈልና አይጥ ነው። ቀን ቀን ለየብቻው ያድናል፤ ማለዳና ምሽት ግን መንጋው ይሰበሰባል፤ አፍ ለአፍ ተላልሶ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ የግዛቱን ወሰን አብሮ ይዞራል። ይህ የፍቅር ልማድ ነው ለእብድ ውሻ በሽታ ሰፊ በር የሚከፍተው፤ በሽታው የሚተላለፈው በምራቅ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በሽታው በባሌ ቀበሮዎች ላይ ከባድ እልቂት አደረሰ። በ2003 ተመልሶ በወይብ ሸለቆ ሲነሣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። በ2008 እና በ2014 እንደገና መጣ። ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታም በየመካከሉ የድርሻውን ወስዷል። የሁለቱም ምንጭ ውሻ ነው። በ2003 ሸለቆዎቹን በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ በመከተብ እልቂቱ ወደ ሌሎቹ መንጋዎች እንዳይዛመት ተደርጓል፤ ከ2018 ጀምሮም በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ የአፍ ክትባት በሥራ ላይ ውሏል። እነዚህ የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ቀበሮውን መከተብ ጎርፉ ቤት ከገባ በኋላ ዕቃ ማንሣት ይመስለኛል።

በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾች ለብዙ ዓመታት በሺህ በሺህ ሲከተቡ ኖረው በሽታው ለምን ይመለሳል? አንደኛው ምክንያት «ጎደንቱ» የተባለው ወቅታዊ የከብት ጉዞ ነው። ከብቱ ለሣርና ለሆራ ወደ ደጋ ሲወጣ ያልተከተበው ውሻ አብሮት ይወጣል። ሁለተኛው የውሻው ዕድሜ ማጠር ነው። ከመቶ ውሾች 70 ያህሉን ብንከትብ በሽታው መተላለፉን ያቆማል፤ ነገር ግን የተከተበው ቶሎ ይሞታል፣ አዲስ ቡችላ ይወለዳል፣ በዓመቱም ቁጥሩ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል።

በከተሞቻችን ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ነው ተብሎ በሥጋ የተለወሰ መርዝ በሌሊት ሲጣል ታይቷል። ይህን አሠራር ከቶ ልንደግፈው አይገባም። የሞተው ውሻ ስፍራ ባዶ አይቀርም፤ ክትባት ያላገኘ ሌላ ውሻ ይይዘዋል። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም አይለይም፤ ጥንብ አንሣና ጅብም አብረው ይሞታሉ። «ባለቤት አልባ» የምንላቸውም ቢሆኑ፣ ጠይቀን ብናጣራ፣ አብዛኞቹ የአንድ ግቢ ውሾች ናቸው። ያልታሰረ ሁሉ ጌታ የለውም ማለት አይደለም።

ጉዳዩ የቀበሮ ብቻ እንዳልሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት 100 ሰዎች 99ኙ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ስለሆነም ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለከብት ክትባት ወደ ገጠር ስንወጣ የውሻው ክትባት በዚያው የበረዶ ሣጥን አብሮ ይውጣ፤ በጎደንቱ መንገድ ላይ ባሉ ወረዳዎችም ከብቱ ሽቅብ ከመነሣቱ በፊት ይፈጸም። ለተከተበው ውሻ በቀላሉ የሚታይ ባለቀለም ጨርቅ አንገቱ ላይ ይታሰርለት። አንድ ነገር ልጨምር፦ የገጠሩን ውሻ በእጁ የያዘ ሰው የለም፤ አባወራውም ቢሆን ሊይዘው ሲል ይሸሸዋል። ጠርቶ አቅፎ የሚያመጣው አብሮት የሚውለው እረኛ ልጅ ነው። ቀኑን ስንወስን ልጁ ከመንጋው ጋር ርቆ በማይሄድበት ሰዓት ይሁን፤ ውሻውን ለሚይዘው ልጅም አስቀድመን አያያዙን እናሳየው።