ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ፦ ለላይፍ ኮች ተመራቂዎች የቀረበ የምረቃ ንግግር



የምረቃ ዕለት በልማድ ምስጋናና ምርቃት የሚበዛበት ዕለት ነው። ምርቃቱ ከወላጅና ከመምህር በበቂ ሁኔታ ስለሚደርስ፣ ተመራቂው ነገ ከደንበኛው ፊት ሲቀመጥ የሚሠራበትን ነገር ማንሣት ለተጋባዥ እንግዳ የተተወ ድርሻ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ የላይፍ ኮች ተግባቦት ነው፤ ተግባቦት የሚለው ቃል በብዙ የሥልጠና አዳራሾች የአንደበተ ርቱዕነት ሌላ ስም ተደርጎ ቢወሰድም፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ግን ደንበኛው ሐሳቡን እስከ መጨረሻው እንዲናገርና የተናገረውንም ራሱ መልሶ እንዲያደምጠው የሚያስችለውን ጠቅላላ ጥበብ ያመለክታል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥሩ ተናጋሪ የሆነ ተመራቂ ከሌላው ይልቅ የሚከብድ ፈተና ይጠብቀዋል።

ላይፍ ኮች ማለት ሕመምተኛ ያልሆነ፣ ነገር ግን በሥራ፣ በትዳር፣ በትምህርት ወይም በገንዘብ ጉዳይ ውሳኔ የከበደው ወይም ያቀደውን መጀመር ያቃተው ሰው የራሱን መንገድ እንዲያገኝ በውይይት የሚያግዝ ባለሙያ ነው። የሙያው አንዱ ሥር የሚገኘው ባልተጠበቀ ቦታ፣ በቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለው አሜሪካዊ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ተጫዋቹን በመመሪያ ብዛት ከማጨናነቅ ይልቅ ኳሷ መሬት ነክታ በተነሣች ቁጥርና ራኬቱ በመታት ቁጥር ድምፅ አውጥቶ እንዲናገር ማድረግ ብቻውን ትኩረቱን ሰብስቦ አመታቱን ያሻሽለዋል። ቀድሞ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ መንፈስ ወደ መሥሪያ ቤቶች አስገብቶ፣ ግቡን፣ አሁን ያለውን ሁኔታ፣ አማራጮቹንና የመፈጸም ፈቃዱን በቅደም ተከተል የሚጠይቅ የውይይት ሥርዓት አስፋፋ። ከሁለቱም አስቀድሞ የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሮጀርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው መጽሐፉ የሚያግዛቸውን ሰዎች ታካሚ ከማለት ይልቅ ደንበኛ ብሎ በመጥራት የባለሙያውን ወንበር ዝቅ አድርጎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው ጽሑፍም የአጋዡን ሦስት ባሕርያት፣ እነርሱም ሳያስመስሉ መቅረብን፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበርንና ነገሩን ከሰውዬው ቦታ ሆኖ መረዳትን፣ ለለውጥ አስፈላጊ ናቸው ብሎ አስቀምጧል። ጋልዌይ፣ ዊትሞርና ሮጀርስ የሚስማሙበት ነጥብ ቢኖር፣ ዕውቀቱ በአብዛኛው ያለው በደንበኛው ዘንድ ነው የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ይህ አስተሳሰብ ከሌላ የቆየ ሥርዓት ጋር ይገናኛል። ነገር የከበደው ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ንስሐ አባት፣ ወደ ሼህ ወይም ወደ ታላቅ ወንድምና እህት ነው፤ እነዚህ ሁሉ አድምጠው ሲያበቁ ይመክራሉ፣ ይገሥጻሉ፣ አንዳንዴም ይወስናሉ፤ ማኅበረሰቡም የሚያከብራቸው ስለዚሁ ነው። ወደ ላይፍ ኮች የሚመጣው ደንበኛ ይህንኑ ጠብቆ ስለሚመጣ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች «እና ምን ላድርግ?» ይላል፤ ለጥያቄው ወዲያው መልስ የሰጠ ባለሙያ በዚያች ቅጽበት ሙያውን ትቶ ያለ ሽበት ሽማግሌ ሆኗል። በሌላ በኩል «እኔ ምክር አልሰጥም» ብሎ መዝጋትም ደንበኛውን በር ላይ እንደ መመለስ ይቆጠራል። የሚሻለው የአሠራሩን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር ነው፦ «የቤትዎን ነገር ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ የእኔ ድርሻ መጠየቅና አብሬ ማሰብ ነው፤ ውሳኔው የእርስዎ ይሆናል» የሚል አጭር ቃል፣ በትሕትና ከተነገረ፣ አብዛኛውን ሰው ያግባባል። በዚሁ ቀን ባለሙያው ደንበኛውን አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ ብሎ እንደሚጠራው መጠየቅም ይገባዋል፤ ያለ ፈቃድ አንተ መባል የሚያስከፋው ሰው እንዳለ ሁሉ፣ እርስዎ ሲባል እንደ ባዕድ የተቆጠረ የሚመስለው ወጣትም አለ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማዳመጥ ነው፤ የሙያው ትልቁ ድካም ያለውም እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ የተናጋሪው አቋም የሚታወቀው የመጨረሻው ቃል ከአፉ ሲወጣ ነው። አንድ ደንበኛ «ሥራዬን ለመልቀቅ ወስኜ» ብሎ ትንፋሽ ቢወስድ፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ነበር» ሊሆን ይችላል፤ «ደብዳቤውን አስገባሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ለባለቤቴ መንገር አቃተኝ» ሊሆንም ይችላል። የመጀመሪያው ሐሳቡን የተወ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ነገሩን የጨረሰ ሰው ነው፤ ሦስተኛው ግን ጭንቀቱ ከሥራው ሳይሆን ከትዳሩ የሚመነጭ ሰው ነው። በዚያች ትንፋሽ መካከል «ጎበዝ፣ መወሰን ትልቅ ነገር ነው» ብሎ የገባ ባለሙያ ከሦስቱ ከማን ጋር እየተነጋገረ እንዳለ ሳያውቅ አመስግኗል ማለት ነው፤ የከፋው ደግሞ ደንበኛው ከይሉኝታ የተነሣ ምስጋናውን ተቀብሎ የጀመረውን ሳይጨርስ መቅረቱ ነው።

መጠበቅ ምን ያህል ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ከትምህርት ጥናት የተገኘ ጠቃሚ ፍንጭ አለ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ይህ ጊዜ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝምተኞቹም መናገር እንደሚጀምሩ አስተውላለች። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ኢምንት ቢመስልም፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዝም ሲሉ እጅግ ረጅም ነው፤ ባለሙያው በልምምድ ካልሆነ በቀር አይችለውም። በዝምታው ውስጥ የኢትዮጵያ አድማጭ በተፈጥሮ የሚጠቀምበት አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ትንፋሽን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ በመሳብ የሚያሰማው የማረጋገጫ ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ በትክክለኛው ቦታ ሲሰማ ተናጋሪውን «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» ይለዋል፤ በየቃሉ ሲደጋገም ግን ስምምነት ስለሚመስል፣ ደንበኛው ባለቤቱን ወይም አለቃውን በሚወቅስበት ጊዜ ባለሙያው ከወቃሹ ጎን የቆመ ያስመስለዋል።

ስለ አካል እንቅስቃሴ ሲነሣ በሥልጠናዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፤ ከመግባባት 93 በመቶው የሚከናወነው ያለ ቃል ነው የሚለው። ቁጥሩ የተወሰደው አልበርት መራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች ሲሆን፣ ጥናቶቹ የተመለከቱት ቃል፣ የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ እርስ በርስ ሲጋጩ ሰዎች የመውደድና የመጥላት ስሜትን በምን እንደሚለዩ ብቻ ነው፤ አጥኚው ራሱም ከዚያ ወሰን ውጭ መጠቀሱን ተቃውሟል። ቃል 7 በመቶ ብቻ ቢሸከም ኖሮ በጽሑፍ የሚሰጥ ድጋፍ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

ያዳመጠ ባለሙያ የሰማውን በአጭሩ መልሶ ያቀርባል፤ ይህ ማንጸባረቅ ይባላል። ዊልያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት የውይይት ስልት የቆመው በአብዛኛው በዚሁ ላይ ሲሆን፣ ትኩረቱም ደንበኛው ስለ ለውጥ ራሱ በሚናገራቸው ቃላት ላይ ነው። ለምሳሌ ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት ደንበኛ «ሱቅ መክፈት ፈልጌ ነበር፤ እናቴ ግን መጀመሪያ ቤቱ ይታደስ አለች፤ እሷን እንዴት እምቢ እላለሁ?» ብትል፣ ለባለሙያው ቶሎ የሚመጣለት መልስ ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ዕቁብ ማስረዳት ይሆናል። ተገቢው ግን «ሱቁንም ይፈልጉታል፣ እናትዎንም ማስከፋት አይፈልጉም» ብሎ ዝም ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ደንበኛዋ «እንዲያውም ከቤቱ ይልቅ ያሳሰባት የወንድሜ ነገር ነው» ብላ እስከዚያ ያልተነካውን ጉዳይ ራሷ ልታወጣው ትችላለች። ማንጸባረቅ የሚበላሸው ባለሙያው የደንበኛዋን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ ሲደግም ወይም ያላለችውን ሲጨምርላት ነው።

በጥያቄ ረገድ «ለምን» በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። በአማርኛ «ለምን አልደወልሽም?» የሚለው ከመጠየቂያነቱ ይልቅ ወቀሳነቱ ስለሚያይል፣ ተጠያቂው ምክንያት ከማሰብ ይልቅ መከላከያ ያዘጋጃል፤ «ለመደወል ስታስቢ ምን ያዘሽ?» ሲባል ግን ያው ጉዳይ ያለ ክስ ይጠየቃል። ቁጥርም ይረዳል፤ ደንበኛው ለውጡ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ከ1 እስከ 10 ባለው እንዲመዝን ተጠይቆ 4 ካለ፣ «ለምን 10 አልሆነም?» ማለት የድክመቱን ዝርዝር ሲያስቆጥረው፣ «2 ሳይሆን 4 ያሉት ምን አይተው ነው?» ማለት ግን የፍላጎቱን ምክንያቶች ከራሱ አንደበት ያስወጣል።

የውይይቱ ፍጻሜ ብዙ ጊዜ «እሺ» በምትባል ቃል ላይ ይወድቃል፤ ባለሙያውም በእርሷ ሊታለል አይገባም። እሺ መስማማትን ልትገልጽ እንደምትችል ሁሉ፣ ሰማሁ፣ አላስቀይምዎትም፣ ወይም ይህ ውይይት በሰላም ይለቅ ማለትም ልትሆን ትችላለች። ይሉኝታ፣ ማለትም ሰው ምን ይለኛል በሚል ስሜት የራስን ፈቃድ መሸፈን፣ ደንበኛው በባለሙያው ፊት እምቢ እንዳይል ያደርገዋል፤ ስለዚህ የቃሉን ክብደት ለመለየት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ምንስ ሊያሰናክል ይችላል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እምቢ ማለት የሚቻል መሆኑንም ባለሙያው አስቀድሞ በቃል ሊፈቅድ ይገባል።

በውጭ አገር ካሉ ደንበኞች ጋር በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚካሄደው ውይይት የራሱ ሕግ አለው። ሪያድና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ሆነው ሳለ፣ በሪያድ ያለችው ደንበኛ «8 ሰዓት» ስትል በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለቷ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ መላክ አለበት፤ ዱባይ ያለችው ደግሞ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከዚህ የሚከብደው በቤት ሠራተኝነት ላይ ያለች ደንበኛ በአሠሪዋ ቤት ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር መሆኗ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚመሰገነው ሰፊ፣ ክፍት ጥያቄ እዚህ ቦታ ላይ ደንበኛዋን ለችግር ሊያጋልጣት ይችላል፤ «አሁን መናገር ይቻላል?»፣ «ሰው አለ?»፣ «በጽሑፍ ይሻላል?» የሚሉት በአዎ ወይም በአይ የሚመለሱ ጥያቄዎች በዚህ ጊዜ ከየትኛውም ጥልቅ ጥያቄ የበለጡ ናቸው።

በመጨረሻም የሙያው ወሰን አለ። ደንበኛው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ከምግብና ከሰው ከራቀ፣ ወይም መኖር ታከተኝ ካለ፣ ጉዳዩ ከላይፍ ኮች እጅ ወጥቶ በአዲስ አበባ እንደ አማኑኤል ወዳሉ የአእምሮ ሕክምና መስጫዎች ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መድረስ አለበት። «መኖር ታከተኝ» በአማርኛ የምሬት ወግ ሆኖ በየቀኑ ስለሚነገር፣ ባለሙያው ሊያልፈውም ሊደነግጥበትም ይችላል፤ ትክክለኛው አካሄድ ድምፅን ሳይለውጡ «ሕይወትዎን ስለ ማጥፋት አስበዋል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ውይይቱ ከማብቃቱ በፊት ባለሙያው ደንበኛው የት እንዳለ፣ አብሮት ማን እንዳለ፣ ወደ ሐኪም የሚወስደው ማን እንደሆነና በዚያው ዕለት በስንት ሰዓት እንደሚደወልለት አረጋግጦ መጻፍ አለበት።