በቆዳ ላይ የሚነበብ ጤና

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



እናት ልጅዋን ትኩሳት ሲይዘው ከሁሉ አስቀድማ የምታደርገው ነገር ምንድን ነው? ሐኪም ከመጥራትዋም ሆነ ውሃ ከማቅረብዋ በፊት መዳፍዋን በግንባሩ ላይ ታሳርፋለች። መርፌ ሳትወጋ፣ ደም ሳትቀዳ፣ በውስጥ ያለውን ሙቀት በውጭ ባለው ቆዳ ታውቀዋለች። ሐኪሙም በመጣ ጊዜ የበሽተኛውን እጅ አንጓ ይዞ የደም ሥሩን ትርታ ይቈጥራል። እንግዲህ ቆዳ የሰውነት መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን የውስጡን ወሬ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስኮት መሆኑን የሰው ልጅ ያወቀው ዛሬ አይደለም። ዛሬ አዲስ የሆነው፣ በዚህ መስኮት በኩል መሣሪያ ቀንና ሌሊት ሊመለከት መቻሉ ነው።

እነሆ፣ በእጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት ጊዜን ከመንገር አልፎ የልብን ትርታ፣ የእንቅልፍን ርዝመት፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን እስከ መንገር ደርሷል። አንዳንዱ ሰው ባሕር ማዶ ያለ ዘመዱ ልኮለት፣ አንዳንዱም ከገበያ ገዝቶ አስሮታል። በየመሥሪያ ቤቱም ጓደኛ ጓደኛውን «ያንተ ዛሬ ስንት አለ?» እያለ ሲጠይቀው ይሰማል። ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ይህ ቍጥር ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህልስ እንደሚታመን፣ ይልቁንም ጠቈር ያለ ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ በሚያርፍበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በጃፓን አገር ነው። ሚስተር ታኩኦ አዮያጊ የሚባሉ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒሆን ኮህደን በተባለው የሕክምና መሣሪያዎች ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሐሳባቸው በመጀመሪያ ስለ ኦክስጅን አልነበረም። ይሹ የነበረው ልብ በየደቂቃው ምን ያህል ደም እንደምትረጭ፣ ደም ሳይቀዳ ለማወቅ ነበር። ለዚሁም ቀለም በደም ሥር ይሰጥና በጆሮ ላይ ብርሃን እየበራ ቀለሙ በደሙ ውስጥ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ይለካል። ነገር ግን መሣሪያው የሚስለው መስመር ለስላሳ በመሆን ፈንታ ልብ በመታች ቍጥር እየተንቀጠቀጠ አስቸገራቸው።

ራዲዮ ከፍቶ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው በመካከሉ የሚሰማው ጫጫታ እንደሚያውከው ሁሉ፣ እርሳቸውም ይህን መንቀጥቀጥ ለማጥፋት ሁለት ዐይነት ብርሃን ወስደው አንዱን በሌላው ለማካካስ ሞከሩ። ተካካሰላቸውም። ዳሩ ግን በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በተለወጠ ጊዜ ማካካሻው እየፈረሰ መንቀጥቀጡ እንደገና ይመጣል። በዚህን ጊዜ ሚስተር አዮያጊ ትልቁን ነገር አስተዋሉ። ሊያጠፉት ይደክሙበት የነበረው ጫጫታ ራሱ የኦክስጅኑን መጠን የሚናገር መልእክት ኖሯል! ሥራቸውንም በ1974 በአገራቸው ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረቡ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ደም ቀይ የሆነው ሄሞግሎቢን በሚባለው ነገር ምክንያት ነው። ይህም ሄሞግሎቢን ኦክስጅን በተሸከመ ጊዜ ደማቅ ቀይ፣ ኦክስጅኑን ባራገፈ ጊዜ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው በጣት ውስጥ ሁለት ብርሃን ያሳልፋል። አንደኛው በዐይን የሚታይ ቀይ፣ ሁለተኛው በዐይን የማይታይ ኢንፍራሬድ የሚባለው ነው። ኦክስጅን የተሸከመው ደም ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፤ ያራገፈው ግን ይውጠዋል። ልብ በመታች ጊዜ ደግሞ በጣቱ ውስጥ ያለው የደም ቅዳ ሥር ያብጣል፤ ወዲያውም ይሟሽሻል። ሥጋው፣ አጥንቱና ቆዳው ግን ባሉበት ይቆያሉ። መሣሪያው የሚቈጥረው የሚነቃነቀውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከልብ የመጣውን ደም ከቀረው ሁሉ ለይቶ ያነባል። ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለው ይህ ነው። በእጅ ሰዓትና በቀለበት ላይ የሚገኘውም የዚሁ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ ብርሃኑ በጣት ውስጥ አልፎ በመውጣት ፈንታ ከቆዳው ተመልሶ መነበቡ ነው።

ከዚህ መሣሪያ በፊት የበሽተኛ ኦክስጅን ማነሱን ለማወቅ ወይ የደም ቅዳ ሥሩን ወግቶ ደም መቅዳት፣ ወይም ከንፈሩ እስኪጠቁር መጠበቅ ነበር። የመጀመሪያው ያምማል፤ ሁለተኛው ይዘገያል። በ1980ዎቹ መሣሪያው በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ተስፋፋ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት መቈጣጠሪያ ዝርዝር ላይ፣ በሽተኛው ከመደንዘዙ በፊት ይህ መሣሪያ በጣቱ ላይ መደረጉና በትክክል መሥራቱ እንዲረጋገጥ አዘዘ። ሚስተር አዮያጊ በሚያዝያ ወር 2020 በ84 ዓመታቸው ባረፉበት ጊዜ፣ በኮሮና በሽታ ምክንያት የዓለም ሕዝብ ሁሉ የእርሳቸውን መሣሪያ ይፈልግ ነበር።

እንግዲህ እስካሁን ያወራሁላችሁ ምስጋናውን ነው። አሁን ደግሞ ጕድለቱን ልንገራችሁ።

ቆዳ ስለማይነቃነቅ ከሒሳቡ ይወጣል ብዬ ነበር። በወረቀት ላይ እውነት ነው፤ በሥራ ላይ ግን ፈጽሞ አልወጣም። ቆዳን የሚያጠቍረው ሜላኒን የሚባለው ነገር ብርሃንን ይውጣል፤ የሚውጠውም ቀዩንና ኢንፍራሬዱን በእኩል አይደለም። በታኅሣሥ 2020 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ብዙዎችን አስደነገጠ። በሽተኞቹ በጣታቸው ላይ የተነበበው ቍጥር ከ92 እስከ 96 ከመቶ ሆኖ፣ በዚያው ሰዓት ከደም ቅዳ ሥራቸው የተቀዳው ደም ግን ከ88 በታች ሆኖ ተገኘ። ይህ ስሕተት በነጮቹ በሽተኞች ከተደረጉት ልኬቶች ከመቶ 3.6፣ በጥቁሮቹ ላይ ግን ከመቶ 11.7 ነበር።

አድማጮች ሆይ፣ ይህን ቍጥር በዝግታ ተመልከቱት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ ላይ ግን በሽታውን የደበቀው ሕመምተኛው ሳይሆን መለኪያው ነው። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው «ደኅና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ለመሆኑ መሣሪያው ለሰው ፊት ያዳላልን? አያዳላም፤ የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው። የዚህ መሣሪያ ትምህርት እንዲህ ነው፦ ጤነኞች የሆኑ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር እንዲተነፍሱ ይደረጋል፤ ደማቸውም ተቀድቶ ይመረመራል፤ ከብርሃኑ ንባብ ጋርም እየተመሳከረ ሠንጠረዥ ይወጣል። ፈቃደኞቹ አብዛኛዎቹ ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ከሆኑ፣ ሠንጠረዡም የእነርሱ ሠንጠረዥ ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 ባወጣው መመሪያ ላይ ለፈተናው አሥር ሰዎች በቂ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ውስጥ ጠቈር ያለ ቆዳ ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ ወይም ከመቶው 15 እጅ፣ የሚበልጠው ይሁን ይል ነበር። በጥር 2025 ግን ያው መሥሪያ ቤት የፈተናውን ሰዎች ቍጥር እጅግ የሚያበዛና በየቆዳው ቀለም ዐይነት እንዲመዘኑ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ አወጣ። ጕድለቱን ማወቅ የመታረሙ መጀመሪያ ነውና ይህ የሚመሰገን ነው።

ከቆዳ ቀለም ሌላ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የምንኖርበት አገር ከፍታ ነው። የመሣሪያው መጽሐፍ «ጤነኛ ሰው ከ95 እስከ 100» ብሎ ሲጽፍ በባሕር ጠረፍ ያለውን ሰው አስቦ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩም የሳሳ ነው። ስለዚህ የሰው ቍጥር ከቦታው ጋር መነበብ አለበት። በዚህ ረገድ የእኛ አገር ደገኛ ለዓለም ሊቃውንት አስደናቂ ሆኖ ተገኝቷል። ሲንቲያ ቢል የሚባሉት አሜሪካዊት ሊቅና ጓደኞቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው ከመቶ 95.3 መሆኑን አገኙ። የሄሞግሎቢናቸውም መጠን በቆላ እንደሚኖር ሰው ነበር። ይህ ከአንዲስ ተራሮችም ከቲቤትም ሰዎች የተለየ ሆነ። ሰው ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ እንደማይለካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይፈለጋል?

ስለ ስኳር በሽታም አንድ ቃል ልጨምር። በገበያ ላይ «ጣት ሳይወጋ የደም ስኳር ይለካል» እየተባለ የሚሸጥ ሰዓትና ቀለበት አለ። የአሜሪካው አስተዳደር በየካቲት 2024፣ ቆዳን ሳይወጋ ስኳርን በራሱ የሚለካ ሰዓት ወይም ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ ገልጦ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በክንድ ላይ የሚለጠፈውና በሐኪም ዘንድ የታወቀው መለኪያ ከቆዳ ሥር የምትገባ ቀጭን ክር ያለው ነው፤ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። በሐሰተኛ ቍጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል።

ታዲያ እነዚህን መሣሪያዎች እንጣላቸውን? አይገባም። በ2019 በወጣ አንድ ታላቅ ጥናት ላይ ከ419,000 በላይ የሆኑ ሰዎች ሰዓት አስረው፣ የልባቸው ትርታ የተዛባ መስሎ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 2,161 ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል በደረታቸው ላይ የልብ መመዝገቢያ ለጥፈው መልሰው ከላኩት 450 ሰዎች፣ ከመቶ 34ቱ የትርታ መዛባት ተገኘባቸው። እንግዲህ ሰዓቱ ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ ፍርዱን የሰጠው ግን ሌላው ምርመራ ነው። ምስክርን ማዳመጥ ይገባል፤ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ግን አይገባም።

በጣታችሁ ወይም በእጃችሁ ላይ ስትለኩ ጥቂት ዕረፉ፤ እጃችሁን አሙቁ፤ አታንቀሳቅሱ፤ የጥፍር ቀለምና ሂና ካለ ንባቡን እንደሚያውክ ዕወቁ። አንዱን ቀን ቍጥር ብቻ አትመልከቱ፤ ጤነኛ ሳላችሁ የለመዳችሁትን ቍጥር ጽፋችሁ ያዙና ከእርሱ መውረዱን ጠብቁ። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁን ከያዛችሁ፣ ወይም የምታስታምሙት ሰው ምላሱና ድዱ ከጠቈረ፣ መሣሪያው «95» ቢልም እንኳ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሰውነት ሲናገር ቍጥር ዝም ሊያሰኘው አይገባም።

በመጨረሻም ለመንግሥት ሥራ ባልደረቦች የምለው አለኝ። ከእናንተ መካከል ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል ዕቃ በሚገዛበት ጨረታ ላይ የሚቀመጥ፣ የዕቃውን ዝርዝር የሚጽፍ፣ ፊርማውን የሚያኖር ይኖራል። ዋጋውንና የመረከቢያውን ቀን መጠየቃችሁ መልካም ነው። ከዚያ ጋር አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ይህ መሣሪያ የተፈተነው በማን ቆዳ ላይ ነው?» ሻጩ የፈተናውን ወረቀት ያምጣ፤ ጠቈር ያለ ቆዳ ያላቸው ስንት ሰዎች እንደ ነበሩበትም ያሳይ። ይህች መሥመር በዝርዝሩ ላይ ብትጻፍ የምትፈጀው ቀለም ጥቂት ነው። ባትጻፍ ግን በአንዲት ሌሊት፣ በአንድ ሩቅ ጤና ጣቢያ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን በተሳሳተ ቍጥር «ደኅና ነው» ይባል ይሆናል። ያን ጊዜ በዚያች አልጋ አጠገብ ሐኪሙና እናቲቱ ብቻ ሳይሆኑ የእናንተም ፊርማ ይገኛል።

የእናት መዳፍ በልጅዋ ግንባር ላይ ሲያርፍ የሚታመነው ያንኑ ልጅ ስለሚያውቀው ነው። መሣሪያውም እንዲታመን የሚነካውን ሰው እንዲያውቅ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።