«እርጅና ነው» ብለን የምንተወው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ይህ ጽሑፍ በመግሪብና በዒሻእ መካከል በመስጊዳችን ያደረግሁት ንግግር ነው። ኮሚቴው ለዚህ መታሰቢያ ጽሑፍ እንዲሆን ስለጠየቀኝ ብዙም ሳልለውጠው አቅርቤዋለሁ።

የራሴን ጥፋት በመናገር ልጀምር። ከመጀመሪያው ሰፍ የማይጠፉ አንድ ሐጂ ነበሩ። በመጀመሪያ ከሱብሒ ቀሩ፤ ቀጥሎ ከዒሻእ፤ በመጨረሻም ጁሙዐ ላይ አጣናቸው። ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ። እኔም «አላህ ያሽርዎ፣ እርጅና ነው፤ ዑዝር አለዎት፣ በቤትዎ ይስገዱ» ብዬ፣ ዱዓ አድርጌ ተመለስኩ። የሰጠሁት መልስ ትክክል ነበር። ጥየቃዬ ግን ጎደሎ ነበር፤ ሄጄ ምንም አልጠየቅሁማ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ነርስ ወደ ቤታቸው መጣች። በአገራችን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ቤተሰብን እንዲጎበኙ ታስቦ ነው። ይህች ልጅም ከእነርሱ አንዷ ናት። ያደረገችውን ሐጂ ራሳቸው ነግረውኛል፤ እንድናገርም ፈቅደውልኛል።

መጀመሪያ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንድ ላይ እንዲያመጡላት ጠየቀች። ከዚያ አስተኝታ የደም ግፊታቸውን ለካች፤ አስነሥታም ለካች። ቆመው ሲለካ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሰውዬው ሲነሣ ሊያዞረው ይችላል ማለት ነው፤ የሐጂም ወርዶ ተገኘ። ከወንበር ተነሥተው ሦስት ሜትር ያህል ሄደው፣ ተመልሰው እንዲቀመጡ አደረገች፤ እርሷ ሰዓት ትቆጥራለች። በመጨረሻ ቤተሰቡ እንዲወጣ ለምና «አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ሽንትዎ ያመልጥዎታል?» አለቻቸው።

ሐጂ ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ ልብሴ እየረጠበ እንዴት መስጊድ እገባለሁ?» አሏት።

ነገሩ ይህ ነበር። ሽንቱን ፈርተው ከዙህር በኋላ ውኃ መጠጣት ትተዋል። ሰውነታቸው ውኃ ሲያጣ መነሣት ያዞራቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ሊወድቁ ለጥቂት ተርፈዋል። ቤታቸው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። መውደቅን ፈርተው ሲቀመጡ እግራቸው ይበልጥ ደከመ። የግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ሲሆን፣ እርሳቸው የሚውጡት ማታ ነበር። ይህ ሁሉ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ተሸፍኖ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ተልከው ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ጠዋት አዛወረላቸው፤ ሽንቱም ተመረመረ።

አሁን ወደ እኔ ድርሻ ልመለስ። ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ራሱን ያጸዳል፣ ንጹሕ ጨርቅ ያደርጋል፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ከዚያ ያለ ፈቃዱ የሚያመልጠው ሶላቱን አያበላሽበትም። መስጊዱን እስካላቆሸሸ ድረስም ከመስጊድ አይከለከልም። ይህን በመድረሳ ተምሬዋለሁ፤ ለደረሶችም አስተምሬዋለሁ። ለሐጂ ግን አልነገርኳቸውም።

ከነርሷ የተማርኩትን ጥቂት ላካፍላችሁ። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የሚጠይቀው ስድስት ቀላል ነገር ነው፦ ሰውዬው ራሱን ያጥባል? ይለብሳል? መጸዳጃ ቤት ይሄዳል? ከአልጋ ወደ ወንበር ይሻገራል? ሽንትና ሰገራውን ይቆጣጠራል? ይጎርሳል? ልጆቻችን አባታቸውን «እንዴት ነህ?» ሲሉ መልሱ ሁልጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ነው። እነዚህን ስድስቱን ብትመለከቱ ግን ያልተነገራችሁን ታያላችሁ።

ሌላው መዘባረቅ ነው። ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ ልጃቸውን ካላወቁ፣ ቀንና ሌሊት ከተምታታባቸው፣ «ጃጁ» ብላችሁ አትቀመጡ። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ በወራትና በዓመታት ይመጣል። በአንድና በሁለት ቀን የመጣ ግን የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ ወይም የመድኃኒት ጠንቅ ሊሆን ይችላል። በሽማግሌ ላይ ትኩሳት እንኳ ላይታይ ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።

ከአልጋ የማይነሣ ያለባችሁ ደግሞ ጀርባውን፣ የመቀመጫውን አጥንት፣ ዳሌውንና ተረከዙን በየቀኑ ተመልከቱ። መጽሐፉ «ይቀላል» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ፣ የሞቀ ወይም የደደረ ቦታ ፈልጉ። ቦታውን አትሹት፤ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ።

ሰፈራችን ከገርጂ እስከ ሰሚትና አያት በኮንዶሚኒየም የተሞላ ነው፤ አብዛኛው አሳንሰር የለውም። አራተኛ ፎቅ ዕጣ የደረሳቸው እናቶች አሉን፤ ከወጡ የማይወርዱ። ልጆቻቸው ጅዳና ዱባይ ሆነው ገንዘብ ይልካሉ፤ አላህ ይቀበላቸው። ገንዘቡ ግን ተረከዝ አያይም። በዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቶ፣ ሃይማኖት ሳይለይ ያጥባል፣ ያጎርሳል። ሊደገፍ የሚገባው ሥራ ነው። ይሁንና የተመሠረተው ማንም ለሌላቸው ነው፤ የእኛ ሐጂ ሚስት፣ ምራትና ልጆች እያሉአቸው ነው አንድም ሰው ያልጠየቃቸው። በሱረቱል ኢስራእ አላህ (ሱ.ወ.) እርሱን ብቻ እንድናመልክ ካዘዘ በኋላ ወዲያው የወላጆችን እርጅና እንዳነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንቀጹን በቃላችን ስለያዝነው ሳይሆን አይቀርም ቆም ብለን የማናስበው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰዎች ፊት ቆሞ የሚያሰግድ እንዲያቀል አዘዋል፤ ከኋላው ደካማ፣ በሽተኛና ሽማግሌ አለና። ሱብሒን አስረዝም የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አሳጥሬያለሁ። ኮሚቴውም በመጸዳጃው ግድግዳ ላይ ሁለት የብረት መያዣ አስገጥሟል፤ ከሰፉ ዳር፣ በበሩ በኩል ወንበሮች ተቀምጠዋል።

ሐጂ ለዙህርና ለዐስር መምጣት ጀምረዋል፤ በበሩ በኩል ባለው ወንበር ይቀመጣሉ። ለሱብሒ ገና ናቸው፤ የብሎካቸው ደረጃ መብራት ተቃጥሎ ጨለማ ነው። በዚያ ብሎክ የሚኖር ወጣት ካለ ከዒሻእ በኋላ ይጠብቀኝ፤ አምፖሉ እኔ ዘንድ አለ።