ባሕር ጠልቆ ወደ ደጋ ስለ መመለስ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲሰሙት የመዝናኛ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን ውስጡ ሲመረመር ስለ ጤና፣ ስለ ዕቅድና ስለ ትዕግሥት የሚያስተምር ቁም ነገር ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድታውሱኝ እለምናለሁ። ጉዳዩም የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ወደ ሞምባሳ በመውረድ፣ የአየር ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ ከባሕር በታች ያለውን የተፈጥሮ ድንቅ ለማየት ስለሚመኝ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለዚሁ ምኞት ሞምባሳ ወርደን ነበር። ባልደረባዬ በመሥሪያ ቤታችን በጥንቃቄው የተመሰገነ ሰው ስለሆነ፣ የጉዞውን መርሐ ግብር በወረቀት ላይ አስምሮ፣ እያንዳንዱን ቀንና እያንዳንዱን ወጪ ለይቶ ጽፎ ይዞ ነበር። በመጨረሻው ቀን ላይ የጻፈው እንዲህ ይል ነበር፤ «ከጠዋቱ በ2 ሰዓት መጥለቅ፤ ከቀኑ በ6 ሰዓት ምሳ፤ ከቀኑ በ8 ሰዓት አውሮፕላን።» ወረቀቱንም እያሳየኝ «ከፈቃዴ ላይ አንዲት ሰዓት እንኳ አትባክንም» እያለ ይኩራራ ነበር።

እንድናሠለጥናችሁ የተቀበሉን ሽማግሌ የሞምባሳ ተወላጅ ናቸው። ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ የጠየቁን ስለ ገንዘባችን ወይም ስለ ዋና ችሎታችን አልነበረም። «የምትኖሩበት ከተማ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ይላል?» አሉን። ባልደረባዬም የአገሩ ደጋነት እንደሚያስከብረው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ «ከ2300 ሜትር በላይ ነው» ሲል መለሰ። ሽማግሌው ብዕራቸውን አነሡና በመጨረሻው ቀን ጥልቀት ላይ መሥመር አሰመሩበት። ባልደረባዬ ተቈጣ፤ እኔም በልቤ ሽማግሌው ሥራ ሊሸሹ ነው ብዬ አማኋቸው። ማታ ግን አስቀምጠው ነገሩን ካስረዱን በኋላ ሁለታችንም አፈርን። እነሆ፣ የዛሬው ንግግሬ መነሻ ያ የማታ ጨዋታ ነው።

በመሬት ላይ ስንኖር አየር ከላይ ይጫነናል፤ ስለለመድነው ግን ክብደቱ አይታወቀንም። በባሕር ውስጥ ሰው 10 ሜትር በጠለቀ ቍጥር፣ በባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ በ10 ሜትር ግፊቱ እጥፍ፣ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ፣ በ30 ሜትር አራት እጥፍ ይሆናል። ጠላቂው የሚተነፍሰው አየርም እንደ ጥልቀቱ የታመቀ ነው። ከአየር ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ናይትሮጅን ደግሞ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጥልቀቱና ጊዜው በጨመረ መጠን የሚሟሟውም ይጨምራል።

ሰውነት ይህን እንዴት እንደሚሸከመው ለማወቅ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ይበቃናል። ጠርሙሱ እንደ ተከደነ ሳለ አረፋ አይታይበትም። ክዳኑን በድንገት የነቀለው እንደሆነ ግን ውኃው ይፈላል፤ ይገነፍላል። ቀስ ብሎ የከፈተው እንደሆነ ጋዙ በዝግታ ይወጣል። ከጥልቁ በችኰላ የሚወጣ ሰው ክዳኑ በድንገት እንደ ተነቀለ ጠርሙስ ነው። ናይትሮጅኑ በደሙና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ጕልበቱንና ትከሻውን ይቈረጥመዋል፤ ቆዳውን ያሳክከዋል፤ ሲከፋም አከርካሪውንና አንጎሉን ነክቶ ሽባ ሊያደርገው፣ እስከ ሞትም ሊያደርሰው ይችላል።

ዓለም ይህን ሕመም ያወቀው በብዙ ዋጋ ነው። (በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በኒውዮርክ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ፣ የመሠረቱ ቆፋሪዎች በታመቀ አየር በተሞላ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ሆነው ከወንዙ ሥር ይሠሩ ነበር። ወደ ላይ ሲወጡ ብዙዎቹ በሕመም ጐብጠው ይታዩ ነበር፤ የሞቱም አሉ። ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 በዚሁ ሕመም ተመትቶ ከቤት ዋለ፤ ድልድዩ በ1883 እስኪመረቅ ድረስም ትእዛዙን ወደ ሥራው ቦታ የምታደርሰው ባለቤቱ ኤሚሊ ነበረች። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር በ1878 ባሳተመው መጽሐፍ የሕመሙ ምክንያት የናይትሮጅን አረፋ መሆኑን ገለጠ። በ1908 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሆልዴን በፍየሎች ላይ ካደረገው ምርመራ ተነሥቶ፣ ጠላቂ በየደረጃው እያረፈ እንዲወጣ የሚያዝዝ ሠንጠረዥ አወጣ። ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በ1943 ጠላቂ በራሱ ጠርሙስ እየተነፈሰ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስበትን መሣሪያ ሲሠሩ፣ ባሕሩ ለተራው ሰው ሁሉ ተከፈተ። የአረፋው ሕግ ግን ለማንም አልተሻረም።

አሁን ሽማግሌው መሥመር ወደ ሰረዙበት ቀን እንመለስ። ጠላቂ ከባሕር ከወጣ በኋላም ቢሆን ናይትሮጅኑ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ በትንፋሽ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ብዙ ሰዓት ይቈያል። በዚህ መካከል አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ወደ ላይ እንደ ወጣ ይቈጠራል። በመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ አየር ጋር ሊተካከል ይችላልና። ስለ ጠላቂዎች ደኅንነት የሚሠራው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀኖች የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር ይቈይ፤ በመንገድ ላይ የግድ እያረፉ የሚወጡበትን ረጅም ጥልቀት የጠለቀማ ከዚያም አብዝቶ ይቈይ ይላል።

የእኛ ጉዳይ ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ በባሕር ዳርቻ ወዳለ ከተማ የሚበር ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወደ ወፍራሙ አየር ይመለሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ግን ከአውሮፕላኑ ወርዶ በሚያገኘው ቀጭን አየር ውስጥ ያድራል፤ ይውላል። አውሮፕላኑ ያርፋል እንጂ እርሱ ወደ ታች አልወረደም። ለዚህ ማስረጃ የሚሻ ሰው ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ በአዲስ አበባ ከድኖ ወደ ሞምባሳ ይውሰድ፤ እዚያ ሲደርስ ተጨምድዶ ያገኘዋል። በመኪና ወይም በባቡር ወደ ናይሮቢ ልውጣ የሚልም አያመልጥም፤ ናይሮቢም ከ1600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናትና። ስለዚህ እኛ ደገኞች 18ቱን ሰዓት እንደ መጨረሻ ገደብ ሳይሆን እንደ መነሻ ቈጥረን፣ ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ አንድ ሙሉ ቀንና አንድ ሙሉ ሌሊት በባሕር ዳር ብናርፍ ይሻለናል።

እንግዲህ የዚህ ጉዞ ዕቅድ ከመነሻው ሳይሆን ከመመለሻው መጀመር አለበት። አምስት የሥራ ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ሁለቱን የሳምንት መጨረሻዎች ሲጨምርበት ዘጠኝ ቀን ያገኛል። በመጀመሪያ እሑድን ለአውሮፕላን ይጻፍ፤ ቀጥሎ ቅዳሜን «ባሕር መግባት የለም» ብሎ ይዝጋው፤ የመጨረሻውን ጥልቀት ዓርብ ጠዋት ያድርገው። ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳልና፣ ሰኞ ጀምሮ ሐሙስ ይፈጽመዋል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለጕዞ፣ እሑድ ለዕረፍት ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ የሚወስደው ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ መንገዱ አያደክምም።

ወቅቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። በዚያ ባሕር ሁለት ነፋሳት ይፈራረቃሉ። ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ፣ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ከሚያዝያ ጀምሮ ትልቁ ዝናብና ኩሲ ባሕሩን ያናውጡታል፤ ውኃውም ይደፈርሳል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግን ውኃው ጠርቶ የሚታይበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከገና በኋላ ያለው ሰሞን ለእኛ የተመቸ ነው።

ከአዲስ አበባ ሳይነሡ የሚፈጸም ሥራም አለ። ትምህርቱን የሚጀምር ሰው 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ በውኃ ላይ ተንሳፎ መቈየት አለበት። ብዙዎቻችን ከባሕር ርቀን ያደግን ስለሆንን፣ አስቀድሞ በመዋኛ ገንዳ መለማመድ ይገባል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጕዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ተወግቶ የምስክር ወረቀቱን መያዝ ነው። ሞምባሳ የወባ አገር ናትና ሐኪም ማማከር ያሻል፤ ለጠላቂ የማይስማሙ የወባ መድኃኒቶች ስላሉም መጥለቅ ማሰባችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። አሠልጣኙ ስለ ጤንነታችሁ የሚያስሞላው ቅጽም አለ። እኛ የቢሮ ሰዎች ቅጽ መሙላት የለመድን ነን፤ ተቀባዩን ደስ የሚያሰኘውን መልስም እናውቅበታለን። ይህን ቅጽ ግን እውነቱን ብቻ ሙሉበት። የአስም፣ የልብ ወይም የጆሮ ሕመም የደበቀ ሰው የሚያታልለው አሠልጣኙን አይደለም።

አሠልጣኝ ስትመርጡ የዋጋውን ርካሽነት ብቻ አትዩ። በጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ ወይ? አደጋ ቢደርስ የግፊት ሕክምና የሚሰጠው የት ነው? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ የሌለውን ትታችሁ ሂዱ። በውኃ ውስጥም ከሁሉ የሚበልጠው ትእዛዝ ትንፋሽን አለመያዝ ነው፤ በሳንባ የተያዘ አየር ሰው ሲወጣ እየሰፋ ሳንባን ሊቀድ ይችላልና። ሲወጡ በአንድ ደቂቃ ከ9 ሜትር ባለመብለጥ፣ በ5 ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ በማረፍ መውጣት ነው። ጀማሪ ከ18 ሜትር አይለፍ። በ2002 የባሕር እንስሳት መጠለያ እንድትሆን ታስቦ ሆን ተብሎ የሰመጠችው ዳኒያ የተባለች መርከብ በሰሜኑ ዳርቻ በኩል ትገኛለች፤ ወለሉ 30 ሜትር ያህል ስለሚጠልቅ ግን ተጨማሪ ትምህርት ለወሰዱ እንጂ ለጀማሪ አትሆንም። ለጀማሪ በ1986 የተከለለው የሞምባሳ የባሕር ፓርክ ይበቃዋል። ኮራሉ በእጅ የሚነካ፣ ዛጐሉም ለማስታወሻ ተብሎ የሚወሰድ አይደለም። መዋኘት የማይችል ዘመድ አብሮ የሄደ እንደሆነም፣ ወለሉ መስተዋት በሆነ ጀልባ ተቀምጦ ዓሦቹን ማየት ይችላል።

የተዘጋው ቅዳሜስ የባከነ ነውን? አይደለም። ባልደረባዬና እኔ በዚያን ቀን ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ወደ ሠሩት ፎርት ጂሰስ ወደተባለው ምሽግ ሄድን። የምሽጉ ሙዚየም በ1697 እዚያው ፊት ለፊት ከሰመጠች ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና ከተባለች የፖርቱጋል መርከብ በ1970ዎቹ ጠላቂዎች ያወጧቸውን ዕቃዎች ይዟል። ባልደረባዬ በመስተዋቱ ፊት ብዙ ቆመ። በመጨረሻም «ከባሕር ወለል የመጣ ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ካልወጣ ይሰበራል ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀረችው ጥልቀት ሲያማርር አልሰማሁትም።

ሽማግሌው አሠልጣኝ ከውኃ በወጣን ቍጥር በስዋሂሊ «ፖሌ ፖሌ» ይሉን ነበር፤ ቀስ በሉ ማለት ነው። የእኛም አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለዋል። ፈቃድ በየዓመቱ ይመጣል፤ የተጐዳ አከርካሪ ግን በፈቃድ ማመልከቻ አይመለስም። ስለዚህ ወደ ባሕር ለመውረድ የምታስቡ ሁሉ፣ በወረቀታችሁ ላይ አስቀድማችሁ የምትጽፉት የምትወጡበትን ቀን ይሁን።

በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ።