የትምህርት ቦርድ አባል አመራረጥ፤ የሎንዶንና የኤዲንብራ ታሪክ

በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤትን ማን ያስተዳድር የሚለው ጥያቄ ከትምህርት ቤት ጋራ አብሮ የተወለደ ነው። መምህሩ «ሥራውን የማውቀው እኔ ነኝ» ይላል፤ መንግሥት «ገንዘቡ የኔ ነው» ይላል፤ ወላጅ ደግሞ «ልጁ የኔ ነው» ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። በአገራችን በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ኮሚቴዎች በዐዋጅ ከተቋቋሙ ወዲህ፣ በኋላም የወላጅና የመምህር ኅብረት ከተመሠረተ ጀምሮ፣ ከወላጆች መካከል ሰው መምረጥ የትምህርት ቤቶቻችን ልማድ ሆኗል። ነገር ግን የተመረጠው ሰው በምን ዐይነት መንገድ እንደ ተመረጠ፣ ምርጫውም ለሕፃናቱ ምን እንዳስገኘ ቁጭ ብለን ስንመረምር አንታይም። ዛሬ ይህንኑ ጉዳይ በሩቅ አገር በተፈጸመ ታሪክ ላሳያችሁ አስቤአለሁ። ሩቁን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፤ የቅርቡን ያነሣን እንደ ሆነ ሁላችንም የምናውቀው ሰው ይገኝበታልና፣ ነገሩን ትተን ስለ ሰውዬው ስንከራከር ይመሽብናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1870 የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉን አዘጋጅቶ ያቀረበው ፎርስተር የተባለው ሚኒስትር ነበር። እስከዚያ ድረስ የድኻውን ልጅ ያስተምሩ የነበሩት በአብዛኛው አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ነበሩ። አዲሱ ሕግ ግን ትምህርት ቤት ባልበቃበት ስፍራ ሁሉ ሕዝቡ በየሦስት ዓመቱ የትምህርት ቦርድ እንዲመርጥ፣ ቦርዱም ከቤት ግብር ላይ ገንዘብ እያስከፈለ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ፈቀደ። ለሎንዶን ከተማ በ10 የምርጫ ክፍሎች የተደለደሉ 49 አባሎች ተወሰኑላት። በዚያ ዘመን ሴት ለፓርላማ መምረጥም ሆነ መመረጥ አትችልም ነበር፤ ይህ መብት የተገኘው በ1918 ነው፤ ያውም ለመምረጥ የዕድሜና የንብረት ገደብ ነበረበት። ለትምህርት ቦርድ ግን በስሟ ግብር የምትከፍል ሴት እንድትመርጥ፣ ሴትም እንድትመረጥ በሩ ተከፈተ።

የድምፁ አቈጣጠር ከሌላው ምርጫ የተለየ ነበር። በአንድ ክፍል ሰባት ወንበር ቢኖር እያንዳንዱ መራጭ ሰባት ድምፅ ይሰጠዋል፤ እነዚህንም ለሰባት ሰዎች ሊያከፋፍላቸው፣ ወይም ሰባቱንም በአንድ ሰው ላይ ሊያከማቻቸው ይችላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አሳብ በቍጥር ያነሱት የሃይማኖት ወገኖች ቢተባበሩ አንድ ወንበር እንዳያጡ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው። ይህን ያልተረዳ ወገን ምን እንደሚደርስበት በዚያው ዓመት በበርሚንግሃም ታየ። በዚያች ከተማ ለ15 ወንበር የሊበራሎቹ ወገን 15 ዕጩ አቀረበ፤ ድምፁም በ15ቱ ላይ ተበታተነ። የቤተ ክርስቲያኑ ወገን ግን ስምንት ሰው ብቻ አቅርቦ ስምንቱንም አስመረጠ። በከተማይቱ ብዙ ደጋፊ የነበራቸው ሊበራሎች ስድስት ወንበር ብቻ ይዘው ቀሩ፤ ከስድስቱም አንዱ በኋላ ታላቅ የፖለቲካ ሰው የሆነው ጆሴፍ ቼምበርሌን ነበር። የሒሳብ መምህራን ይህን ምሳሌ በክፍል ውስጥ ቢያቀርቡት ተማሪው ማካፈልን ከነጥቅሙ የሚማር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሎንዶን እንመለስ። ሜሪልቦን በተባለው ክፍል ከቀረቡት ዕጩዎች አንዷ ወይዘሪት ኤልሳቤጥ ጋሬት ነበሩ። እኚህ ሴት በ1865 የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበርን ፈተና አልፈው በአገራቸው የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ፤ ማኅበሩም ሌላ ሴት በዚያው መንገድ እንዳትከተላቸው ወዲያው ደንቡን ለወጠ። በማግሥቱ ዓመት ለድኻ ሴቶችና ሕፃናት በሜሪልቦን አነስተኛ ሐኪም ቤት ከፈቱ። በ1870 «ለትምህርት ቦርድ ይወዳደሩልን» ብለው ከደጃቸው የመጡት ሰዎችም ሠራተኞች ነበሩ፤ በዚያ ሐኪም ቤት የታከሙት ሴቶች ባሎች ናቸው።

በኅዳር ወር ምርጫው ሲቈጠር ወይዘሪት ጋሬት 47,858 ድምፅ አገኙ። ከእርሳቸው ቀጥሎ በሜሪልቦን የተመረጡት ስመ ጥሩው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ ነበሩ፤ ያገኙትም ድምፅ 13,494 ነው። በሎንዶን ሁሉ የእኚያን ሴት ድምፅ የሚያህል ያገኘ አንድ ዕጩ እንኳ አልነበረም። ሆኖም ቍጥሩን ስናደንቅ የአቈጣጠሩን ሥርዓት አንርሳ። መራጮቻቸው ሁሉ ሰባት ሰባቱን ድምፅ ለእርሳቸው ብቻ ሰጥተው ቢሆን፣ 6,837 ሰዎች ይህን ቍጥር ሊሞሉት ይችሉ ነበር። በእውነቱ የመራጩ ብዛት ከዚህ በላይ እስከ ምን እንደ ሆነ ድምሩ ብቻውን አይነግረንም። ያም ሆነ ይህ ሕዝቡ የሰጣቸው ክብር በእኔ አስተያየት ለሐኪሟ የተከፈለ ምስጋና ነው፤ ስለ ትምህርት ቤት የተሰጠ ፍርድ ነው ለማለት ያስቸግራል። በምርጫው ዘመቻ የረዷቸውን ሚስተር አንደርሰንን በ1871 አገቡ፤ የሐኪም ቤቱ ሥራ እየሰፋ ሄደ፤ በ1873 ሁለተኛው ምርጫ ሲደርስ አልተወዳደሩም። በግሪኒች ክፍል የተመረጡት፣ የሴቶችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የመሠረቱት ወይዘሪት ኤሚሊ ዴቪስም እንዲሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ተዉት።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አገር አንድ ነገር ባነሣ አትቈጡኝም ብዬ አምናለሁ። በ1957 በተደረገው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ወደ ምክር ቤታችን የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ መምህርት ናቸው። ሎንዶን ሐኪሟን ወደ ትምህርት ቦርድ ስትልክ፣ እኛ የትምህርት ቤት ሰው ወደ ሸንጎ ላክን።

የስኮትላንዱ ታሪክ ከሎንዶኑ ይለያል። በዚያ አገር የትምህርት ሕግ የወጣው በ1872 ሲሆን፣ ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለ ሕፃን ሁሉ እንዲማር ያስገድድ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በተደረገው የኤዲንብራ ምርጫ ወይዘሪት ፍሎራ ስቲቨንሰን ወደ ቦርዱ ገቡ። በየሦስት ዓመቱም ምርጫ በመጣ ቍጥር እንደ ገና እየተመረጡ በ1905 እስከ ሞቱ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሡም። ሠላሳ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

ይህን ያህል ዘመን ሕዝቡን ያስመረጣቸው ምን ነበር? እንደ ሎንዶኗ ሐኪም የሚወራ ድል አልነበራቸውም። የያዙት ሥራ ከሁሉ ይልቅ አሰልቺ የሚባለው፣ ከትምህርት የሚቀሩትን ሕፃናት የሚከታተለው ኮሚቴ ነበር። እናንተ መምህራን የስም መጥሪያ መዝገብ ይዛችሁ የምታውቁት ነገር ነው፤ የቀረው ልጅ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከድኻው ቤት ይደርሳል፤ በዚያም የሚያገኘው ስንፍናን ሳይሆን ራብንና ዕራቁትነትን ነው። ወይዘሪት ስቲቨንሰን ለተቸገሩ ሕፃናት ምግብና ልብስ የሚሰጥበትን ዘዴ በሙከራ አቋቋሙ፤ በለውጡም ወላጆች ልጁ ከትምህርት ላይቀር ቃል ይገባሉ። ዛሬ በአገራችን ስለ ተማሪዎች ምገባ የምንነጋገረው ነገር ያን ጊዜ ገና ጀማሪ አሳብ ነበር። ደግሞም ወንዶቹ ሌላ ትምህርት ሲማሩ ሴቶች ልጆች በሳምንት አምስት ሰዓት በስፌት ላይ መዋላቸውን አጥብቀው ነቀፉ። በ1900 የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ገና በሕይወት ሳሉም አንድ ትምህርት ቤት በስማቸው ተጠራ። ይኸው ትምህርት ቤት ዛሬም በኤዲንብራ ያስተምራል።

እኔ ከ47,858ቱ ድምፅ ይልቅ እነዚያን የሦስት የሦስት ዓመት ምርጫዎች አከብራለሁ። የመጀመሪያው ድምፅ አደራ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን የፈተና ውጤት ነው። የሥርዓቱን ጕድለት ደግሞ ልሸሽግ አልፈልግም። ድምፅ ማከማቸቱ ሴቶችን ወደ ቦርድ እንዳስገባ ሁሉ፣ ስለ ሕፃናቱ ሳይሆን ስለ ወገናቸው ብቻ የሚከራከሩ የሃይማኖት ሰዎችንም አስገብቶ፣ ብዙ የስብሰባ ሰዓት በሃይማኖት ትምህርት ክርክር አልቋል።

የሎንዶን ቦርድ በ1904 ፈርሶ ሥልጣኑ ለከተማው ምክር ቤት ተሰጠ። ሴት ደግሞ ያን ጊዜ ለዚያ ምክር ቤት ልትመረጥ አትችልም ነበርና፣ በምርጫ ያገኘችው ስፍራ ቀርቶ በትምህርት ኮሚቴው ውስጥ በሹመት ብቻ መቀመጥ ተፈቀደላት። በ1907 ሌላ ሕግ ወጥቶ ይህ ክልከላ ተነሣ። በማግሥቱ ዓመት ኦልድበርግ የተባለችው አነስተኛ የባሕር ዳር ከተማ ምክር ቤት ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰንን ከንቲባ አድርጎ መረጠ። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 72 ዓመት ነበር።